ከሠላሳ ሁለተኛው መስመር በኋላ

በዚህ ዓመት ከዳባት ደባርቅ፣ ከደባርቅ ዳባት የተመላለስኩትን ያህል በዕድሜዬ ተመላልሼ አላውቅም። የሚኒባሱ ረዳቶች ሁሉ ያውቁኛል። ጥቁር ልብሴን አይተው የፊት ወንበር ይለቁልኛል። እኔ ግን ተረጋግቼ አልቀመጥም፤ ቦርሳዬን አነሳለሁ፣ እከፍታለሁ፣ ደብተሩ መኖሩን አይቼ እዘጋለሁ፣ ጥቂት እንደሄድን እንደገና እከፍታለሁ። ዳባት ስደርስ ደባርቅ ቢሮ የረሳሁት ነገር ያለ ይመስለኛል። ደባርቅ ስደርስ ደግሞ የቤቱን በር ሳልቆልፍ የመጣሁ ይመስለኛል።

ቤታችን ዳባት ነው። ባለቤቴ እዚያ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበር። እኔ የምሠራው ደባርቅ፣ በአንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ አዲስ የገባ መጽሐፍ መለያ ቁጥሩን የሚያገኘው ከእኔ እጅ ነው። ከሥራዬ ጎን ለጎን በቤተ መጻሕፍትና ኢንፎርሜሽን ሳይንስ የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ባለቤቴ ያረፈው ባለፈው ጥር ነው። ደብተሩ የእሱ ነው።

ትምህርቱን የጀመርኩት ከዲፕሎማ ነው። ከዚያ እየሠራሁ በክረምት ክረምት ዲግሪዬን፣ ቆይቶም ሁለተኛውን ያዝኩ። አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ዶክትሬት ልጀምር ነው ብዬ ስነግረው ባለቤቴ እርማት ላይ ነበር፤ ቀና ብሎ አየኝ።

“ታዲያ እኔ የዶክተር ባል ልባል ነው?”

“ምን ይጎዳሃል?”

“ምንም። ብቻ ቤት ስገባ መታወቂያ እንዳትጠይቂኝ።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ “ዶክተሯ” ይለኝ ጀመር። ወጥ ሲያንስ ዶክተሯ፣ ጃንጥላ ስረሳ ዶክተሯ።

ለጥናት የመረጥኩት የገጠር አብያተ ክርስቲያናትን መጻሕፍት ነው። ክፍል ውስጥ ያስተማሩኝ ካታሎግ የሌለው ስብስብ ክምር ነው ብለው ነው። እኔ ደግሞ ያደግሁት ካታሎግ የሚባል ነገር በሌለበት፣ የተፈለገው መጽሐፍ ግን በሰዓቱ በሚወጣበት አገር ነው። ይህ እንዴት እንደሚሆን ላጠና ተነሣሁ። ችግሩ፣ መጻሕፍቱ ወደሚቀመጡበት ዕቃ ቤት ሴት አትገባም። ይህን ለአማካሪዬ ለማስረዳት ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ለባለቤቴ ግን መናገርም አላስፈለገኝም። በልጅነቱ የቄስ ትምህርት ተምሮ ዲቁና የተቀበለ ሰው ነው።

“እኔ እገባልሻለሁ፤ አንቺ ደጅ ሆነሽ ጻፊ” አለኝ።

እንዲያው አደረግን። በየደብሩ የሰበካ ጉባኤውን ፈቃድ ይዘን እንሄዳለን። እሱ ይገባል፣ እኔ በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ። ከውስጥ ሆኖ የመጽሐፉን መጠን፣ የቆዳውን ሁኔታ፣ የጎደለውን ቅጠል እየጠራ ይነግረኛል። ከእያንዳንዱ በኋላ፣

“ጻፍሽ?” ይላል።

“ጻፍኩ።”

“ሳታሳጥሪ?”

“ቀጥል አንተ!”

መጨረሻ ላይ የሄድንባት ቤተ ክርስቲያን ከደባርቅ ወደ ሳንቃ በር በሚወስደው በኩል፣ ከመኪናው መንገድ የአንድ ሰዓት የእግር ጉዞ ናት። ዙሪያዋ ገብስ ነው። ዕቃ ቤቱ በግቢው ውስጥ ለብቻው የቆመ የድንጋይ ቤት ሲሆን መስኮት የለውም። መጻሕፍቱ በቆዳ ማኅደራቸው ሆነው ግድግዳው ላይ በተተከሉ የእንጨት ኩላቦች ይሰቀላሉ፤ አርባ ሦስት ናቸው። ጠባቂው ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ቄስ ናቸው። መብራት አያበሩም። በጨለማው ገብተው የተፈለገውን ይዘው ይወጣሉ።

ይህን ባየሁ ጊዜ ቁጭ ብዬ መማር ሲገባኝ ማስተካከል አማረኝ። የሙያ ነገር ነው፤ ተራ የሌለው የመሰለኝን ነገር አይቼ ዝም ማለት አልችልም። ካርቶን ቆርጬ ከአንድ እስከ አርባ ሦስት ቁጥር ጻፍኩበት። በይዘት ነው የለየኋቸው፤ ጸሎቱን ከጸሎቱ፣ ዜማውን ከዜማው፣ የቅዱሳኑን ታሪክ ከቅዱሳኑ ታሪክ። ባለቤቴ ገብቶ ቁጥሩን በየማኅደሩ ማንገቻ በክር አሰረና ከበሩ ጀምሮ በተራ ሰቀላቸው። ጠባቂው ዳር ቆመው አዩን።

“ደኅና ነው አባ?” አልኳቸው።

“እናንተ የተማራችሁ ናችሁ” አሉኝ።

እኔ ይህን ፈቃድ ነው ብዬ ያዝኩት። እዚሁ ተወልጄ፣ ሽማግሌ እንዲህ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። በዚያች ሰዓት ማወቅ አልፈለግሁም።

በሳምንቱ በደብሩ ሰው ሞተ። አስከሬኑ ግቢ ገብቶ፣ ሕዝቡ ቆሞ፣ ጠባቂው የቀብሩን ጸሎት መጽሐፍ ሊያወጡ ገቡ። እጃቸው በለመደው በኩል ያገኙት የዜማ መጽሐፍ ነው። ይዘው ወጡ፤ ጸሎቱን የሚመሩት ቄስ ገልጠው አዩና መለሱላቸው። ሁለተኛም ገቡ፤ ሌላ ይዘው ወጡ። ሦስተኛም። ሟች ደጅ ላይ፣ ልቅሶው ተቋርጦ፣ ሰው ሁሉ የእሳቸውን መግባትና መውጣት ያያል። በመጨረሻ አንድ ዲያቆን ጧፍ አብርቶ ገብቶ አገኘላቸው። አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳይስቱ የኖሩ ሰው ናቸው።

ወሬው ደባርቅ የደረሰው በገበያ ቀን ነው። ባለቤቴ ይቅርታ ሊጠይቅ ሲሄድ አርባ ሦስቱን ካርቶን ከነክራቸው በፌስታል አድርገው ሰጡት።

“ይኸው ቁጥራችሁ” ብለው ብቻ ገቡ።

እኔ ከዚያ በኋላ ፊታቸውን ለማየት አፈርኩ። ያንን ነገር ያቃናው ባለቤቴ ነው። ክረምቱን ሙሉ እሁድ እሁድ ቅዳሴውን እዚያ ያስቀድሳል። ከቅዳሴ በኋላ መጻሕፍቱን ወደየቦታቸው ሲመልሱ ያቀብላቸዋል። ምንም አይጠይቅም። በጥቅምት መጻሕፍቱን አውጥተው ፀሐይ ሲያስመቱ አብሯቸው ሰሌኑን ዘረጋ። አንድ ቀን እቤት ሲገባ ገና ጫማውን ሳያወልቅ፣

“ገባኝ፤ ሲጠይቋቸው ይጠፋቸዋል። በእጃቸው ሲይዙት ግን ራሳቸው ይናገራሉ” አለኝ።

የሚናገሩትን በዚህ ደብተር ይይዝ ጀመር። ሦስት ዓምድ አሰመረ፦ በምን ይጠራል፣ የት ይሰቀላል፣ ለምን እዚያ። አንዱ “ከእሳት የወጣው” ይባላል፤ ጭሱ አሁንም ስለሚሸት አየር ከሚገባበት ይሰቀላል። አንዱ “አይጥ የቀመሰው” ነው፤ ከሁሉም ከፍ ይላል። ሁለት እህትማማቾች በአንድ ዓመት የሰጧቸው ሁለት መጻሕፍት አሉ፤ ሴቶቹ በሕይወታቸው ተኳርፈው ስለኖሩ እዚህ ይታረቁ ተብሎ በአንድ ኩላብ ላይ ነው የሚሰቀሉት። ይህን ሁሉ ሳነብ ክምር ነው ያልኩት ነገር ካታሎግ ሆኖ አገኘሁት። ጽሑፌን ከሥሩ ቀየርኩት። ስህተታችንን ሳልደብቅ መግቢያው ላይ አስቀመጥኩት። የጥናቱም ዋና ክፍል ይህቺው ደብር ሆነች።

በጥር፣ ከጥምቀት በኋላ፣ አብሬው ሄድኩ። እኔ ከእፍረቴ የተነሣ ከግቢው በር ሳላልፍ ፀሐይ ላይ ተቀምጬ የራሴን ማስታወሻ እያገላበጥኩ ነበር። ከዕቃ ቤቱ የመምታት ድምፅ ሰማሁ፤ ድንጋይ እንጨት ሲመታ።

“ምንድን ነው የምትቀጠቅጡት?” ብዬ ጮህኩ።

“በኋላ እነግርሻለሁ!” አለኝ።

ሲወጣ ላቡን እየጠረገ ነበር፤ ደክሞታል። ሠላሳ ሁለተኛው መስመር ላይ ደርሷል። አሥራ አንድ ቀርተዋል። በመንገድ ላይ ስለ ድምፁ መጠየቁን ረሳሁ። በማግስቱ ደረቴን አለ። ጎንደር ወሰድነው። ሐኪሞቹ ልብ ነው አሉ። በሦስተኛው ቀን ይዘነው ተመለስን።

ስለዚያ ከዚህ በላይ መጻፍ ገና አልቻልኩም።

አማካሪዬ አዲስ አበባ ነው ያለው። ከእኔ በዕድሜ ያንሳል፤ ጨዋ ሰው ነው። ለወራት ዝም ብሎ ጠበቀኝ። በነሐሴ ደወለ።

“እህቴ፣ ምዕራፍ አራትን እስከ መስከረም መጨረሻ ካላስገባሽ ይህም ዓመት ያልፍሻል። ከዚያ በኋላ መዝገብሽ ይዘጋል።”

“አሥራ አንድ መስመር ይጎድላል ዶክተር።”

“አሥራ አንድ መስመር እኮ ነው። አንድ ቀን ሄደሽ ሰብስቢው፤ ካልሆነም ያቺን ደብር አውጫት።”

ያቺን ደብር ማውጣት ጽሑፉን መጣል ነው። መሄዱንም አልቻልኩም። ተነሥቼ ደባርቅ እደርሳለሁ፤ የሳንቃ በር መንገድ ከሚጀምርበት ስደርስ እግሬ ወደ ቢሮ ይዞርብኛል። ቢሮ ገብቼ ንጹሑን መደርደሪያ እንደገና እወለውላለሁ። ባልደረቦቼ ሻይ እንጠጣ ሲሉኝ እሺ እላለሁ፤ ሻዩ ሳይቀርብ እነሣለሁ።

አንድ እሁድ ከቀትር በኋላ፣ ዳባት እቤት፣ የእሱን ሰማያዊ እስክሪብቶ ይዤ ደብተሩ ላይ ተቀመጥኩ። የትኞቹ አሥራ አንድ መጻሕፍት እንደቀሩ ከቁጥሩ ጊዜ ዝርዝር አውቃለሁ። የጎደለው የት እንደሚሰቀሉና ለምን እዚያ እንደሆነ ነው። የጠባቂውን አነጋገር ከሠላሳ ሁለቱ መስመሮች በቃሌ ይዤዋለሁ። የባለቤቴንም እጅ ጽሑፍ አውቃለሁ፤ ወደ ግራ ያጋድላል። እጄን ወደ ግራ አጋደልኩና ጻፍኩ። ከሠላሳ ሦስት እስከ አርባ ሦስት፣ ሳልነሣ። ከሞተ ወዲህ ተረጋግቼ የተቀመጥኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ሠላሳ ስምንተኛው የቀብሩ ጸሎት መጽሐፍ ነበር። ‘ከውስጠኛው ማዕዘን’ ብዬ ጻፍኩ፤ ለምን እዚያ በሚለው ሥር ደግሞ ‘ዕለት ዕለት ዓይን እንዳያርፍበት’።

ገጾቹን ፎቶ አንሥቼ ከምዕራፉ ጋር ላክሁ። አማካሪዬ በሳምንቱ ደወለ፤ ድምፁ ደስ ብሎታል።

“በጣም ጥሩ ነው! በተለይ መጨረሻዎቹ መስመሮች። ያ የቀብሩ መጽሐፍ፣ ሞትን ከዓይን ማራቅ፣ የምዕራፉ ልብ እሱ ነው። ባለቤትሽ ትልቅ ተመራማሪ ነበሩ።”

“አመሰግናለሁ ዶክተር” አልኩ። ስልኩን ዘግቼ ወጣሁ። ወዴት እንደምሄድ ሳላውቅ ዳባት ገበያውን ሁለት ጊዜ ዞርኩት። ባለቤቴ ያላለውን አስብዬው፣ በዚያው ተመሰገነበት። ሌሊቱንስ ተዉት።

በጥቅምት መጨረሻ አንድ ጠዋት ደባርቅ ስወርድ በሳንቃ በር በኩል ወደ ጃናሞራ የሚሄድ አውቶቡስ ሰው እየጫነ ነበር። እግሬ ሳይዞርብኝ ገባሁ። ከአውቶቡሱ ወርጄ ሽቅብ ስሄድ ገብሱ ደርሷል። ጠባቂው ማሳቸው ዳር ቆመው ወንጭፍ ያጮኻሉ፤ የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ ገብሱ ውስጥ ገብቷል።

“ማን ነሽ?” አሉ፣ ዓይናቸውን በእጃቸው ከልለው።

“እኔ ነኝ አባ። የመምህሩ ባለቤት።”

ወንጭፉን ጣሉት። መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙኝና ተቆጡ።

“ዘጠኝ ወር! ልጄ፣ ዘጠኝ ወር ሙሉ ሰው እንኳ አይላክም? ማረፉን የነገረኝ በቅሎ ነጂ ነው፣ መንገድ ላይ!”

“አፈርኩ አባ።”

“በምን?”

“በዚያ በቁጥሩ ነገር።”

“ኧረ ወዲያ! ይኸው ጭላዳ ገብሴን ሲጨርሰው ያፍራል? አንቺ ደግሞ ለካርቶን ታፍሪያለሽ።”

ወደ ዕቃ ቤቱ ወሰዱኝ። በሩን ከፍተው የድሮው ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ።

“በይ፣ ደብተሩን ይዘሽዋል? ምን ብሎ እንደጻፈልኝ አንድ ቀን ሳልሰማው ሄደ። አንብቢልኝ፤ እኔ በእጄ እየተከተልኩ ልስማ።”

ገቡ። እኔ ከአንድ ጀመርኩ። ከጨለማው ውስጥ “ልክ” ይላሉ፣ እጃቸው ቆዳውን ሲነካ ይሰማኛል፤ “ልክ።” እህትማማቾቹ ላይ ስደርስ ሳቁ። “ይህንንም ነገርኩት? አፌን!” ሠላሳ ሁለት ላይ “ልክ” አሉ። ማቆም ነበረብኝ። ግን ጀምሬዋለሁና ሠላሳ ሦስትን አነበብኩ።

እጃቸው ከቆዳ ወደ ቆዳ ሲሄድ ሰማሁ።

“ድገሚው እስቲ።”

ደገምኩት።

“እዚህ ሌላ ነው ያለው። ቀጥዪ።”

ሠላሳ አራትን አነበብኩ። በሩ ላይ ብቅ አሉ።

“ልጄ፣ ይህን እሱ አልጻፈውም።”

“እንዴት አወቁ?”

“እሱ ያልነካነውን አይጽፍም።”

“እኔ ነኝ የጻፍኩት” አልኩ። “ገምቼ ነው አባ። ትምህርቱ ሊያልፈኝ ሆነና ገምቼ ጻፍኩ። በእሱ እጅ አስመስዬ።”

በሩን ተደግፈው ቆሙ። ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

“በግምት መጣሽብን ደግሞ?” አሉ። “ቁጥሩ ይሻል ነበር። ቁጥሩን እንኳ በጧፍ ያነቡታል።”

እያለቀስኩ ነበር፤ ግን ሳቄም መጣ፤ ሁለቱም አንድ ላይ።

“እርሳስ አለሽ?”

“አለኝ።”

“እንግዲያው ተቀመጪ።”

ተመልሰው ገቡና ከሠላሳ ሦስተኛው ጀመሩ። ባለቤቴ ከእያንዳንዱ በኋላ ይጠብቀኝ ነበር። እሳቸው አይጠብቁም። አንዱን ሳልጨርስ ሌላው ላይ ደርሰዋል።

“ይጠብቁኝ አባ!”

“ምን እጠብቃለሁ? ጭላዳው ገብሴ ላይ ነው!”

እያሳጠርኩ፣ ፊደል እየገደፍኩ ተከተልኳቸው። ሠላሳ ስምንት ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ቀረበኝ። ከበሩ ጀርባ ነበሩ፤ እጄን ብዘረጋ እነካቸዋለሁ።

“የቀብሩ መጽሐፍ” አሉ። “ከበሩ አጠገብ፣ ሲገቡ በቀኝ።”

“በፊት ከውስጥ አልነበረም?”

“ነበረ። ያን ለት፣ ያ ሰው ደጅ ላይ ሆኖ ሳጣው ጊዜ፣ ከእንግዲህ ይህ መጽሐፍ አይጠፋኝም ብዬ ነበር። ኩላብ የሚተክልልኝ አጣሁና ቆየ። ባልሽ ነው የተከለልኝ። በጥር፣ የመጨረሻ ለት። ተው ይደክምሃል አልኩት፤ እኛ ያጠፋነው ነው ብሎ በድንጋይ መታ መታ አደረገልኝ። ያኔ ደጅ አልነበርሽም?”

“ነበርኩ” አልኩ።

“እንግዲያስ ሰምተሻል። ሠላሳ ዘጠኝ…”

“ይጠብቁኝ አባ” አልኩ። በዚህኛው ጠበቁኝ።

ለአማካሪዬ በማግስቱ ነገርኩት፤ ከቢሮ፣ ቆሜ።

“ባትነግሪኝ ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር” አለ።

“አውቃለሁ።”

“ለኮሚቴው ማሳወቅ አለብኝ። ምዕራፉ ተመልሶ ይገመገማል። ይህ ዓመት አለፈሽ እህቴ፤ መዝገብሽም እንዳይዘጋ ማመልከቻ መጻፍ ይኖርብሻል።”

ማመልከቻውን ጻፍኩ። መልሱ ገና አልመጣም። ይሰጠኝ አይሰጠኝ አላውቅም፤ ስለዚህ አሁንም ከዳባት ደባርቅ እመላለሳለሁ፣ አሁንም ቦርሳዬን ከፍቼ አያለሁ። ደብተሩ ውስጥ እስከ ሠላሳ ሁለት የእሱ እጅ ነው። ቀጥሎ ያለውን የእኔን ሰማያዊ ጽሑፍ እንዲነበብ አድርጌ በአንድ መስመር ሰርዤዋለሁ። ከሥሩ በእርሳስ፣ ተጣድፎ የተጻፈው አለ። በንጹሕ አልገለበጥኩትም።

አማካሪዬ የታረመውን ገጽ በዚህ ሳምንት መልሶ ልኮልኛል። ሠላሳ ስምንተኛው መስመር ላይ፣ ለምን እዚያ በሚለው ሥር፣ ‘መዝጋቢዎቹ አጥፍተውት ስለነበር፤ ኩላቡን የተከለው ከመዝጋቢዎቹ አንዱ ነው’ ብዬ ነበር። ኅዳጉ ላይ በቀይ ‘ምንጭ?’ ብሎ ጽፏል። ደንቡ ነው፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እጠይቃለሁ። ሁለት ምንጭ ጻፍኩለት፦ የዕቃ ቤቱ ጠባቂ፤ ደጅ ሆና የመምታቱን ድምፅ የሰማች፣ የመዝጋቢው ሚስት።